ኩሬው በነሐሴ ግድቡን ሊሻገር ይደርሳል፣ በየካቲት ደግሞ ጭቃ ይሆናል፤ ከየት ልጀምር?

ወይና ደጋ (ደምበጫ አካባቢ) · ታኅሣሥ 8

ጤና ይስጥልኝ። ከደምበጫ ወጣ ብሎ በሚገኘው የቤተሰባችን ይዞታ ላይ በኤስካቫተር የተቆፈረ ኩሬ አለን። ሲሞላ የውሃው ገጽ 30 በ20 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ተኩል ይሆናል። ጎኖቹ ተዳፋት ስለሆኑ ታቹ እየጠበበ ይሄዳል። ከበላዩ ያለው አራት ሄክታር የሚሆን የእርሻና የግጦሽ መሬት ጎርፉን በቦይ ይልክለታል። በቁልቁለቱ በኩል ከተቆፈረው ቀይ አፈር የተሠራ ግድብ አለ።

ጭንቀታችን ሁለት ነው። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ውሃው ከግድቡ አናት አንድ ስንዝር እስኪቀረው ይሞላል። ትርፉን የሚያስወጣው ከአናቱ ዝቅ ብሎ የተቀበረ አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ብቻ ነው። ከባድ ዝናብ በጣለ ሌሊት አባቴ ባትሪ ይዞ ግድቡ ላይ ሲመላለስ ያድራል። በበጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ መስከረም ላይ ሙሉ የነበረው ኩሬ ባለፈው ዓመት በየካቲት ጭቃ ሆኖ ከብቶች ሲሰምጡበት ነበር። በሞተር እየሳብን አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ሽንኩርትና ጥቂት የአቮካዶ ችግኞች እናጠጣለን።

አንዱ «ውሃው ይሰርጋል፤ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ) አንጥፉ» ይለናል። ሌላው «ግድቡን በአንድ ሜትር ከፍ አድርጉት» ይላል። ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ የለንም። ልምድ ያላችሁ ምከሩን።

አያ ዘሩ (ሰከላ) · ታኅሣሥ 8

ልጄ፣ ቀይ አፈር ውሃ አያቁርም ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። በእኛ አገር ኩሬ የሚደፈነው በዋልካ ነው። ውሃው ዝቅ ሲል ከረግረጉ ወይም ከሜዳው ጥቁር ዋልካ አምጥተህ ታቹንና ጎኑን አንድ ስንዝር ያህል አልብሰው። ውሃ እያርከፈከፍህ በሬዎቹን አስገብተህ ደጋግመህ አስረግጥ። ጭቃው እግራቸው ሲጠቀጥቀው ይጠብቃል። ደረቁን ብትደለድለው ግን ጥቅም የለውም፤ ሲረጥብ ይነሣብሃል።

ባሕር ዛፍ በአጠገቡ አለ ወይ? እሱን ንገረኝ።

ጥቁር አፈር (ቢቸና) · ታኅሣሥ 9

አያ ዘሩ ያሉት ልክ ነው፤ ከዋልካ አገር ያለሁ ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ልጨምርበት። ዋልካ እርጥብ ሳለ ውሃ አያሳልፍም፤ ሲደርቅ ግን እጅ እስኪገባበት ይሰነጠቃል። ኩሬው በየካቲት ባዶ ሆኖ እስከ ሰኔ ፀሐይ ከመታው የተለበጠው ዋልካ ይፈረካከሳል፤ የመጀመሪያው ውሃ በስንጥቁ ሾልኮ ይሄዳል። ስለዚህ በዋልካው ላይ ሌላ አንድ ስንዝር ቀይ አፈር ይልበስበት፣ ወይም ታቹ ላይ ምንጊዜም ጥቂት ውሃ ይቅር።

ደለል ስትጠርጉም ተጠንቀቁ። በ1995 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዘመቻ የተቆፈሩትን የቤተሰብ ኩሬዎች አብዛኞቻችን እናስታውሳለን። ብዙዎቹ 130 ሜትር ኩብ ያህል የሚይዙ ነበሩ፤ የደለሉም፣ የሰረጉም፣ ተትተው የቀሩም ብዙ ናቸው። ጠራጊው ደለሉን ሲያወጣ ከሥሩ የጠበቀውን ንጣፍ አብሮ ከላጠው ኩሬው ጥልቅ ሆኖ ያፈስሳል። አካፋው ጠንካራ መሬት ሲነካ ማቆም ነው።

ወይና ደጋ · ታኅሣሥ 9

አያ ዘሩ፣ አመሰግናለሁ። ባሕር ዛፍ ከግድቡ በታች ወደ ሃያ ሜትር ርቆ አለ። ግድቡ ላይ ራሱ ግን ሁለት የበቀሉ አሉ፤ ክንድ የሚያክሉ ናቸው።

መስኖ ተመልካች (ፍኖተ ሰላም) · ታኅሣሥ 10

ሙያዬ አነስተኛ መስኖ ነው። ከሁሉ በፊት የምለምንዎት ነገር ቢኖር ዋልካም ሆነ ፕላስቲክ ከመግዛትዎ በፊት ውሃው የት እንደሚሄድ እንዲለኩ ነው። ከኩሬ ውሃ የሚወጣባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ፀሐይና ነፋስ ያተኑታል፣ መሬት ይመጠዋል፣ ሞተር ይስበዋል፣ ከብት ይጠጣዋል። ዓይን እነዚህን መለየት አይችልም፤ ሁሉም የሚታየው «ጎደለ» ሆኖ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ሁሉንም ጥፋት በስርገት ላይ ይጭናል።

መለኪያው ቀላል ነው። ሽንኩርቱን በደንብ አጠጥተው ሞተሩን ለአንድ ሳምንት ያቁሙ። አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ወስደው በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ፀሐይ እኩል በሚያገኝበት፣ ድንጋይ ከታቹ ጨምረው ያቁሙት። የኩሬውን ውሃ ይሙሉበት፤ ከውስጡ ያለው ውሃ ከውጪው ጋር አንድ ከፍታ ይሁን። ባልዲው ውስጥ ምልክት ያድርጉ፤ ኩሬው ውስጥ ደግሞ አንድ አጠና ተክለው ምልክት ያድርጉበት። ከብት እንዳይጠጣበት በእሾህ ይከልሉት። በሳምንቱ ሁለቱንም ይለኩ። ባልዲው የጎደለው ፀሐይ የወሰደው ነው። ኩሬው ከባልዲው በላይ የጎደለው መሬት የወሰደው ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ከላይ በኩል ካለው ጎን ውሃ ያዥ (እየመነጨ ይገባ) ነበር? በጥቅምት ያዥ ከነበረ አሁን ቆሟል?

ጎዛምን (ደብረ ማርቆስ) · ታኅሣሥ 10

በባልዲ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም። እኔ ጂኦሜምብሬን አንጥፌ ኩሬዬ እስከ ግንቦት ውሃ ይዞ ይቆያል። ወጪው አንድ ጊዜ ነው፤ ጥቅሙ ግን የብዙ ዓመት ነው። ወንድሜ፣ በየዓመቱ ከምትቆጭ አንጥፈህ ረፍት አግኝ።

መስኖ ተመልካች · ታኅሣሥ 11

ጎዛምን፣ የእርስዎ ኩሬ የት ላይ እንዳለ ልጠይቅ? ኮረብታ ላይ ወይም ትከሻው ላይ ከሆነ ጂኦሜምብሬን ጥሩ መፍትሔ ነው። ከተዳፋት ግርጌ ለሚገኝ ኩሬ ግን ጉዳዩ ይለያል። በእኛ አካባቢ ክረምቱ ሲበረታ ተራራው የጠጣው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ወደ ታች ይሄድና ግርጌው ላይ ይወጣል። ኩሬው ባዶ ወይም ጎዶሎ ሳለ ያ ውሃ ከፕላስቲኩ ሥር ከገባ ንጣፉን ከታች ወደ ላይ ገፍቶ ያሳብጠዋል፤ መጋጠሚያውንም ይቀደዋል። ከሥሩ ውሃውን የሚያወጣ የጠጠር ቦይ ሳይሠሩ ግርጌ ላይ ፕላስቲክ ማንጠፍ ገንዘብን መበተን ነው። ለዚህም ነው ከጎን ውሃ ያዥ እንደሆነ የጠየቅሁት።

ጎዛምን · ታኅሣሥ 11

የኔ በእርግጥ ትከሻ ላይ ነው፤ ከጎን የሚገባ ምንጭ የለውም። እንዲህ ከሆነ ይለካ።

ወይና ደጋ · ታኅሣሥ 19

ለካሁ። ከላይኛው ጎን ውሃ ያዥ ነበር፤ እስከ ኅዳር መጀመሪያ በደንብ ይታይ ነበር፤ አሁን ደርቋል። በሳምንቱ ባልዲው 3 ሴንቲ ሜትር ጎደለ። ኩሬው 5 ሴንቲ ሜትር። አባቴ አላመነም፤ አጠናውን ራሱ ወርዶ አየው።

መስኖ ተመልካች · ታኅሣሥ 20

በጣም ጥሩ። እንግዲህ እንቁጠር። ኩሬዎ በሰጡኝ መጠን ጎኖቹ ሁለት እጅ ወደ ውስጥ አንድ እጅ ወደ ታች ከሆኑ ሙሉ ሲሆን ወደ 950 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያሉትን 150 ቀናት እንውሰድ፤ የውሃው ገጽ እየጠበበ ስለሚሄድ በአማካይ 450 ካሬ ሜትር እንበለው።

ፀሐይ በሳምንት 3 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በቀን ከ4 ሚሊ ሜትር ጥቂት በላይ ወሰደች። በዚህ ሒሳብ በ150 ቀናት ወደ 290 ሜትር ኩብ ነው። ስርገቱ 2 ሴንቲ ሜትር በሳምንት፤ ወደ 190 ሜትር ኩብ። ውሃው ዝቅ ሲል የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስ ስርገቱ እንዲያውም ከዚህ ሊያንስ ይችላል። ሽንኩርት ደግሞ በበጋ በቀን ለካሬ ሜትር 5 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሜትር ኩብ፣ በመቶ ቀን 500 ሜትር ኩብ። በቦይ ሲጠጣ መንገድ ላይ የሚቀረውን ሳንቆጥር። ሦስቱን ይደምሩ፤ 980 ይሆናል። ኩሬው በየካቲት ጭቃ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። ትልቁ ጠጪ ሽንኩርቱ ነው። ፀሐይ ትከተለዋለች፤ ስርገቱ ከሁሉም ያንሳል። ፕላስቲኩ የሚያድንልዎት ያንን 190 ብቻ ነው።

የእርስዎ ኩሬ ብቻ አይደለም እንዲህ የሆነው። መራዊ ያለውን ቆጋን ተመልከቱ፤ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፣ የታቀደለትም 7,000 ሄክታር ለማልማት ነው። ሲካፈል ለአንድ ሄክታር 12,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል፤ በቦይ የሚባክነውና የሚተነው ሁሉ በዚያ ውስጥ አለ። ለአንድ ሺህ ካሬ ሜትር 1,200 ማለት ነው። እርስዎ በ950 ያንኑ ለመሥራት እየሞከሩ ነው።

ወይና ደጋ · ታኅሣሥ 20

ይህን ሒሳብ ለአባቴ በወረቀት ጽፌ አነበብሁለት። ታዲያ ሽንኩርቱን እንተወው ማለት ነው?

አያ ዘሩ (ሰከላ) · ታኅሣሥ 21

መተው የለም። ግማሹን ዝራ። ችግኙን ደግሞ መሬቱ እርጥበት ሳይለቅ፣ መስቀል እንዳለፈ አዛውረው። ታኅሣሥ ላይ የሚዛወር ሽንኩርት ሙሉ ዕድሜውን በኩሬ ውሃ ነው የሚኖረው፤ በጥቅምት የገባው ግን ግማሹን በክረምቱ እርጥበት ይወጣዋል። አቮካዶው ሥር ዙሪያ ጉዝጓዝ አድርግለት፤ የበቆሎ አገዳም ይሆናል። ሲመሽ አጠጣ እንጂ በቀትር አይሆንም።

ሁለቱን የግድቡን ባሕር ዛፎች ደግሞ ዛሬ ነገ አትበል። ክንድ ሲያክሉ ነው የሚወጡት። ካረጁ በኋላ ብትቆርጣቸው ሥራቸው ውስጥ ውስጡን በስብሶ ለውሃ መንገድ ይሆናል።

መስኖ ተመልካች · ታኅሣሥ 22

አያ ዘሩ ከተናገሩት የሚጨመር የለኝም። ባሕር ዛፎቹ ከነሥራቸው ይውጡ፤ ጉድጓዳቸው እርጥብ አፈር በቀጭን በቀጭኑ እየተጨመረ ይጠቅጠቅ።

አሁን የበጋውን ነገር ትቼ ወደሚያስጨንቀኝ ልሂድ። ወይና ደጋ፣ የመጀመሪያ መልእክትዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ የየካቲቱ ጭቃ አልነበረም፤ «አንድ ስንዝር እስኪቀረው» ያሉት ነው። የአፈር ግድብ ውሃ በላዩ እንዲያልፍ አልተሠራም። በአንድ ዝቅ ያለ ቦታ ውሃ አናቱን መሻገር ከጀመረ ቀጭኑ ፈሳሽ አፈሩን ይቆርጣል፣ ቁርጡ ይሰፋል፣ ብዙ ውሃ ይስባል፤ ከዚያ በኋላ ሰው አካፋ ይዞ የሚያቆመው ነገር አይደለም። ወደ 950 ሜትር ኩብ ውሃ በአንድ ሌሊት ወደ ታችኛው ማሳና ቤት ይወርዳል። የበጋው እጥረት ሰብል ያስቀንሳል፤ የክረምቱ ትርፍ ሰው ይገድላል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ መሆን አለበት።

ቱቦዎን እንመዝነው። ከአራት ሄክታር ላይ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ቢመጣ፣ መሬቱም ጠግቦ ግማሹን ቢያወርድ፣ ወደ ኩሬው የሚገባው በሰከንድ ወደ 280 ሊትር ነው። 110 ቱቦ በዚያ ከፍታ ላይ የሚያስወጣው በሰከንድ 15 ሊትር ቢደርስ ነው። ቅጠልና ገለባ ካልዘጋው! ለዚህ ነው አባትዎ የሚመላለሱት። ቱቦው ለዕለት ተዕለት ትርፍ ይሁን፤ ለጎርፍ ግን ማስተንፈሻ፣ ማለትም ትርፉ ውሃ ግድቡን ሳይሻገር በጎን የሚወጣበት ሰፊ ቦይ ያስፈልግዎታል።

ማስተንፈሻው ግድቡ ላይ አይቆረጥም። የግድቡ አፈር ሙሌት ነው፤ ይታጠባል። ከግድቡ ጫፍ አልፎ፣ ያልተቆፈረና ያልተሞላ፣ ከድሮም እንዳለ ያለ መሬት ላይ ነው የሚቆረጠው። ለእርስዎ ስፋቱ 3 ሜትር ይሁን፤ ወለሉ በውሃ ልክ የተስተካከለ ይሁን፤ በዚያ ስፋት ያ ሁሉ ጎርፍ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይዞ ያልፋል። ወለሉ ከግድቡ አናት ቢያንስ ግማሽ ሜትር ዝቅ ይበል። መውጫው ቁልቁለት እንዳይሆን ረጋ ብሎ እየተዘረጋ ይውረድ፤ ከላይ እስከ ታች ሣር ይልበስ። ሠርዶ ከነሥሩ ተነቅሎ ቢተከል ከሁሉ ይሻላል። ደረቅ ድንጋይ መደርደር ይቻላል፤ ሣር የያዘው መሬት ግን ከላላ ድንጋይ ይሻላል።

«ግማሽ ሜትር ዝቅ ካደረግሁት ውሃ አጣለሁ» ማለትዎ አይቀርም። እውነት ነው፤ ከላይኛው ስንዝር ተኩል ያጣሉ። ግን ያን ያህል ውሃ አሁንም የእርስዎ አይደለም፤ ግድቡን አስይዘው የተበደሩት ነው። ግድቡን ከፍ ማድረግ ከፈለጉ ደግሞ ከአናቱ ላይ አፈር መከመር ሳይሆን ከታችኛው ጎን እግሩን አስፍቶ ነው የሚነሣው፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ በአንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር እየተጠቀጠቀ። ይህ ማስተንፈሻው ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ዓሣ አርቢ (መራዊ) · ታኅሣሥ 23

ቆሮሶ ነው የማረባው። ወይና ደጋ ዓሣ ለመጨመር ካሰቡ ከአሁኑ ልንገርዎት፤ ማስተንፈሻ ላይ መረብ አይወጥሩ። በእኛ ሰፈር አንድ ኩሬ የፈረሰው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቱ ዓሣው እንዳይሄድበት የማስተንፈሻውን አፍ በወንፊት ሽቦ ዘጋው። በአንድ የሐምሌ ሌሊት ጎርፉ ያመጣው ገለባና ቅጠል ሽቦውን ለበጠው፤ ማስተንፈሻው እንደ ግድግዳ ቆመ፣ ውሃውም ግድቡን ተሻገረ። ዓሣ ቢሄድ ጫጩት ይተካል።

በበጋ ደግሞ ለዓሣ ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት መቅረት አለበት። ሞተሩ የሚስብበትን ቱቦ ጫፍ ከታች ሳይሆን በአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ካሰሩት መርሳት የለም፤ ውሃው እዚያ ሲደርስ ሞተሩ አየር ይስባል፣ ያበቃል። ይህ ዘዴ «ጥቁር አፈር» ላሉት ስንጥቅም መድኃኒት ነው፤ ታቹ አይደርቅም።

ከግድቡ በታች (ደምበጫ ዙሪያ) · ታኅሣሥ 23

ከላይ ኩሬ ካለው ጎረቤት ሥር የምኖር ሰው ነኝ፤ ወይና ደጋን አላውቀውም። ሁላችሁም ውሃው እንዴት እንደሚወጣ ትነጋገራላችሁ፤ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም። የ3 ሜትር ማስተንፈሻ የሚያወጣው ጎርፍ የሰው ማሳ ላይ ነው የሚወርደው። በእኛ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ የጤፍ ማሳችን መሐል ለመሐል ቦይ ተቆረጠበት፣ የመለሰልን ግን የለም። እባካችሁ ከመቆፈራችሁ በፊት የታችኛውን ሰው ጥሩና አሳዩት።

መስኖ ተመልካች · ታኅሣሥ 24

ወንድሜ፣ በደረሰባችሁ ነገር አዝናለሁ። ይህን መጀመሪያ ማንሳት ነበረብን። ማስተንፈሻ ኩሬው ባይኖር ጎርፉ ይሄድበት ወደነበረው የተፈጥሮ መፋሰሻ መመለስ አለበት፤ የሰው ማሳ አቋርጦ መሄድ የለበትም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ይህ ማለት ግን ጎርፍን በጎረቤት ላይ መልቀቅ ይቻላል ማለት አይደለም። ወይና ደጋ፣ ከማስተንፈሻው መውጫ እስከ መፋሰሻው ያለውን መንገድ ከታችኛው ጎረቤትዎና ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር በእግር ይሂዱበት፤ ችካል ይትከሉ። ከዚያ በኋላ ነው መቆፈር።

ወይና ደጋ · ታኅሣሥ 25

መፋሰሻው ከኩሬው በስተግራ 40 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ መሐሉ የእኛው ግጦሽ ነው። ጎረቤታችንን ነገ አመጣዋለሁ።

ሌላ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከግድቡ በታች አንድ ቦታ ሣሩ በበጋም አረንጓዴ ነው፣ እግር ሲረግጠው ይረጥባል። ፍልፈልም ግድቡን ይቆፍራል፤ የአፈር ክምሩ ይታያል። ይህ ነው 2 ሴንቲ ሜትሩ?

መስኖ ተመልካች · ታኅሣሥ 25

የተወሰነው ይሆናል። ከአፈር ግድብ ሥር ጥቂት እርጥበት መኖሩ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው ቀለሙ ነው። ጠርቶ የሚወጣ ውሃ አፈር ይዞ አይሄድም፤ ደፍርሶ የሚወጣ ውሃ ግን ግድቡን ከውስጥ እየበላው ነው። በነሐሴ፣ ኩሬው ሙሉ ሲሆን፣ በየሳምንቱ እዚያ ቦታ ሄደው በብርጭቆ ይቅዱና በብርሃን ይመልከቱት። ከደፈረሰ በዚያው ቀን ውሃውን ዝቅ ያድርጉ፤ የሚፈልቅበትን ቦታ በጭቃ ለመድፈን እንዳይሞክሩ፣ ከደፈኑት በሌላ ቦታ ይፈነዳል። አሸዋ ከሥር፣ ጠጠር ከላዩ፣ ድንጋይ ከዚያ በላይ ይጫንበት፤ ውሃው ይወጣል፣ አፈሩ ይቀራል።

ፍልፈሉን ያስወጡት፤ ጉድጓዱን እስከ መጨረሻው ተከትለው ከፍተው በእርጥብ አፈር ይጠቅጥቁት። አፉን ብቻ መዝጋት ጉድጓዱን መደበቅ ነው።

የጤና ባለሙያ (ቡሬ) · ታኅሣሥ 27

ስለ ውሃ ልክ ስትነጋገሩ የወባ ነገር አልተነሣም። ክረምቱ አልፎ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ በሚበረታበት ጊዜ ኩሬው ሙሉና ዳርቻው ሣር የበዛበት ነው። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው መሐሉ ላይ አይደለም፤ ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባጠለለው ዳርቻ ነው። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ አድጎ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ይበቃዋል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ውሃውን በየሳምንቱ አንድ ስንዝር ያህል በአንድ ጊዜ ዝቅ ማድረግ ከተቻለ እጩ ዳርቻው ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። በቆቃ ግድብ ዙሪያ የተደረገ ጥናትም ውሃው ቶሎ ሲወርድ በዳርቻው የሚገኘው እጭ እንደሚያንስ አሳይቷል። የዳርቻውን ሣር እጨዱ፤ የከብት ኮቴ የረገጠውን ጎድጓዳ ሙሉ። ቆሮሶ ካለ እሱም እጩን ይበላል።

ሌላው የልጆች ነገር ነው። ኩሬ ውስጥ የሰመጠ ሕፃን ሲመጣ ማየት ለማንም አይመኙትም። በተለይ ፕላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ ጎኑ ያንሸራትታል፤ ዋና የሚችል ሰው እንኳ መውጣት ያቅተዋል። ዙሪያውን በእሾህ አጥሩት፤ በየጎኑ ቋጠሮ ያለው ገመድ ከችካል አስራችሁ ወደ ውሃው ልቀቁ። ለከብቶቹ ከአጥሩ ውጪ ገንዳ አድርጉላቸው፤ በዚያ መንገድ ዳርቻውንም አይረግጡትም።

ጥቁር አፈር (ቢቸና) · ታኅሣሥ 27

እመቤቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ውሃውን በየሳምንቱ ዝቅ ለማድረግ ግን በምን? ሞተር ነዳጅ ይበላል።

መስኖ ተመልካች · ታኅሣሥ 28

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አዲስ ኩሬ የሚቆፍር ሰው ከግድቡ ሥር 110 ቱቦ ያስቀብር፤ በኩሬው ውስጥ ባለው ጫፍ ላይ ጎሚቶ (ቱቦን የሚያጥፍ መጋጠሚያ) ይግጠምና ቀጥ ያለ ቱቦ ይትከልበት። ጎሚቶው ሳይለጠፍ ይቀራል፤ የቆመውን ቱቦ ወደ ጎን ሲያጋድሉት አፉ ዝቅ ይላል፣ ውሃውም እዚያ ድረስ ይወርዳል። ቀና ሲያደርጉት ይቆማል። በቱቦው ዙሪያ ውሃ ሾልኮ እንዳይሄድ ዋልካ በእጅ ተጠቅጥቆ ይታሰር።

ቀድሞ ለተሠራ ግድብ ግን መቆፈር አልመክርም። ውፍረት ያለው ጎማ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልተው ሁለቱን ጫፍ ይዝጉ፤ በግድቡ አናት ላይ አሻግረው የውጪው ጫፍ ከኩሬው ውሃ ዝቅ ባለ ቦታ ይሁን፤ የውስጡ ጫፍ ውሃ ውስጥ እንደጠለቀ ሁለቱንም ይክፈቱ። ያለ ሞተር ይፈስሳል። የውጪው ጫፍ ላይ ሳራቺኒስካ ከተገጠመ ሲፈልጉ ይከፍታሉ፣ ሲፈልጉ ይዘጋሉ። ያ የሚወጣ ውሃ ደግሞ አቮካዶው ሥር ይሂድ።

አያ ዘሩ (ሰከላ) · ታኅሣሥ 28

ሁሉም ተባለ፤ አንድ የቀረ አለ። የሰኔን ጎርፍ አታስገባ። ያን ጊዜ ማሳው ሁሉ ታርሶ ራቁቱን ነው፤ የሚመጣው ውሃ ግማሹ አፈር ነው። የቦዩን አፍ በድንጋይና በሣር ክምር ዝጋና ወደ መፋሰሻው መልሰው። ሐምሌ ሲጋመስ ሰብሉ መሬቱን ሲሸፍን ክፈተው። ኩሬህ ለመሙላት ነሐሴ ብቻውን ይበቃዋል።

መስኖ ተመልካች · ታኅሣሥ 29

አያ ዘሩ ያሉት በመለኪያም የተረጋገጠ ነው። ከደምበጫ በስተሰሜን አንጀኒ በሚባለው ተፋሰስ በ1976 ዓ.ም. የአፈር ጥበቃ የምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ለብዙ ዓመታት ጎርፍና ደለል ሲለካ ቆይቷል። በክረምቱ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ የሚሸከመው ደለል ከመጨረሻው እጅግ ይበልጣል። ከኩሬው በፊት 2 በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ የደለል ማስቀሪያ ጉድጓድም ይቆፈር፤ በውስጡ የሚጠራቀመው አፈር ለጓሮ ምርጥ ነው።

ወይና ደጋ · ጥር 6

ጎረቤታችን መጥቶ መንገዱን አየ፤ አንድ ችካል ወደ እኛ በኩል እንዲገባ ጠይቆ ተስማማን። የማስተንፈሻውን ቁፋሮ ጀምረናል፤ በውሃ ልክ እያየን ወለሉን እያስተካከልን ነው። ባሕር ዛፎቹ ወጥተዋል። ጂኦሜምብሬኑን ትተነዋል። ሠርዶውን መቼ እንትከለው? አሁን ብንተክለው ይደርቃል ብለን ፈራን።

መስኖ ተመልካች · ጥር 6

ወለሉን እስከ መጋቢት ይጨርሱ። ሠርዶውን ከግንቦት ዝናብ ጋር ይትከሉት፤ ዝናቡ ከዘገየ በየሦስት ቀኑ በባልዲ ያጠጡት፤ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ሥር መስደድ አለበት። ከብት እስከ መስቀል አይግባበት።

ክረምት ሲገባ አጠናውን አይንቀሉት። በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ቀለም ይቀቡትና በየገበያው ቀን ቁጥሩን በደብተር ይመዝግቡ፤ ዝናብ ከባድ በሆነ ማግሥትም እንዲሁ። በሚቀጥለው ጥቅምት ይላኩልኝና የሽንኩርቱን ስፋት አብረን እንወስናለን።